ብልህ የኤሌክትሪክ መረብ ለንጹሕ ኃይል ግብ ያለው ፋይዳ፦ የዳባት፣ የደባርቅና የድብ ባሕር አካባቢ ሁኔታ

መግቢያ

ስለ ብልህ የኤሌክትሪክ መረብ (ስማርት ግሪድ) የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛዎቹ የሚነሡት ከአንድ ችግር ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ ኃይል ሲያመነጩ የኖሩ አገሮች ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ሲሸጋገሩ፣ እንደ አየሩ ጠባይ ከፍና ዝቅ የሚለውን አቅርቦት ከፍላጎት ጋር እንዴት ያጣጥሙታል? ቆጣሪው፣ ዳሳሹ፣ የመገናኛ መሣሪያውና የትንበያ ሥርዓቱ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነው ተሠርተዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው በዚህ መልክ አይቆምም። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ምንጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ነፋስ ነው። መስመሩ ላይ ያለው ኃይል ቀድሞውንም ንጹሕ ነው። ንጹሕ ያልሆነው መስመሩ ላይ ያልወጣው ነው፤ ይኸውም በየጓዳው የሚነደው እንጨት፣ ኩበትና ከሰል፣ እንዲሁም በየወፍጮ ቤቱ የሚንደቀደቀው ናፍጣ። ከአገሪቱ አጠቃላይ የኃይል ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዛሬም ማገዶ ነው። ስለዚህ የአንድን አካባቢ የንጹሕ ኃይል ግብ ለመመዘን የሚፈልግ ተመራማሪ ከማመንጫ ጣቢያው ይልቅ ወጥ ቤቱን መመልከት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ያንን አተያይ ይዞ በስሜን ተራሮች ግርጌ ያሉትን ዳባትን፣ ደባርቅንና ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለችውን ድብ ባሕርን በምሳሌነት ይወስዳል።

ግቡ በአገርና በአካባቢ ደረጃ

የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው ብሔራዊ የልቀት ቅነሳ ዕቅድ ደግሞ፣ ምንም እርምጃ ባይወሰድ ይደረስበታል ከተባለው የልቀት መጠን እስከ 2030 ድረስ 68.8 በመቶውን ለመቀነስ ያለመ ሲሆን፣ የዚህ የሚበዛው ክፍል በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። በኤሌክትሪክ ተደራሽነት በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛ እትሙ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ሁሉንም ቤተሰብ ለማዳረስ፣ ከዚህም 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረቡ ውጪ ባሉ አማራጮች ለመሸፈን አቅዶ ነበር።

በማመንጨት በኩል ያለው ርምጃ ፈጣን ነው። ጣና በለስ በ460 ሜጋዋት እ.ኤ.አ. በ2010 ተመረቀ፤ ጊቤ ሦስት በ1,870 ሜጋዋት ተከተለ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ኃይሉን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. አመንጭቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አገሪቱ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች፤ ወደ ሱዳን የሚሄደው 230 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ከጎንደር አካባቢ ነው። የስሜን ተራሮች ውሃ የሚፈስስበት የተከዜ ወንዝም 300 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ተሸክሟል። እንግዲህ በደባርቅ ያለች አንዲት እናት በማገዶ የምትጋግረው አገር ኃይል ስላጣ ነው ለማለት አይቻልም። ጉዳዩ ያለው ከሰብስቴሽኑ እስከ ምጣዱ ባለው የመጨረሻ እርቀት ላይ ነው።

ዋጋውም ጎልቶ የሚታይ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ዋሊያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚበቅለው አስታ በብርዱ ምክንያት እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ አንድ ጊዜ ለማገዶ ከተቆረጠ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ከፓርኩ ውጪ ባለው የእርሻ መሬት ደግሞ ባሕር ዛፍና ኩበት ይነዳሉ። የገብስና የባቄላ ማሳ ላይ ፍግ ሆኖ መውደቅ የሚገባው ኩበት ምድጃ ውስጥ ሲገባ፣ የኃይል እጦት የምርት እጦት ሆኖ ይመለሳል። ማገዶ የምትለቅመውና ጭሱን የምትተነፍሰው ሴት ወጪ ግን በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

መስመሩና መልክዐ ምድሩ

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ስትሆን ከጎንደር ከተማ በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዳባት በመካከል ትገኛለች። ኃይሉ ከደቡብ፣ ከባሕር ዳር በጎንደር በኩል ይመጣል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን እየቀጠነ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መስመር እንደ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ነው። ግንዱ ላይ የተነካ ነገር ሁሉ ቅርንጫፎቹን በጠቅላላ ያጨልማል፤ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ የሚመጣ ተለዋጭ መንገድ የለውም። ከመነሻው በራቀ መጠንም የቮልቴጅ መውረድ ይጨምራል።

ከፍታው የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው በደባርቅ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አየር እንደ መከላከያ ሆኖ የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመግታት አቅሙ ይቀንሳል፤ ትራንስፎርመርን የማቀዝቀዝ ችሎታውም እንዲሁ። በአንጻሩ ቅዝቃዜው ይህን በከፊል ያካክሳል። የናፍጣ ጄኔሬተርም በቀጭን አየር ላይ በሰሌዳው የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም። የፀሐይ ፓነል ግን ብርዱን ይወዳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከአቅሙ 0.4 በመቶ ገደማ የሚያጣ መሣሪያ በመሆኑ በደጋ ከቆላ የተሻለ ይሠራል።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ሲታለፍ ምድሩ በድንገት ይከዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሬማ ይወርዳል። በዚህ አቀበት ላይ የወደቀ ምሰሶ የት እንዳለ ለማወቅ የጥገና ሠራተኛ መስመሩን በእግር መከተል አለበት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድና መብረቁ ሲያይል ደግሞ ፍለጋው ቀን ሊፈጅ ይችላል። በኃይል መቆራረጥ ጊዜ ከሚባክነው ሰዓት የሚበዛው ብልሽቱን ለመጠገን ሳይሆን ብልሽቱን ለማግኘት የሚውለው ነው። በብዙ አገሮች የስርጭት መረብ ላይ የታየው ይህ ሐቅ እንዲህ ባለ ገደላማ ስፍራ ይበልጥ ይከብዳል።

ምጣድ እንደ ኃይል ጭነት

የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ጠባይ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ምጣድን መረዳት ያስፈልጋል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር በአንድ ላይ ተደምረው ከዚህ አንድ አሥረኛ ላይደርሱ ይችላሉ። ምጣድ የሌለውና ያለው ቤት ለመረቡ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። 100 ኪሎ ቮልት አምፒር አቅም ያለው ትራንስፎርመር 60 ምጣድ ያላቸው ቤቶችን ያገለግላል እንበል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሰዓት ቢጋግር፣ በጠቅላላው በሳምንት 240 የምጣድ ሰዓት፣ በኃይል 840 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትራንስፎርመሩ በሳምንት ሊያስተላልፍ የሚችለው ወደ 16,800 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ መጋገሩ የሚወስደው ከአቅሙ 5 በመቶ ብቻ ነው። መጋገሩ በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንቱ ሰባት ቀናት ላይ እኩል ቢዳረስ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ምጣዶች በአማካይ ሦስት አይሞሉም፤ ጭነቱም 10 ኪሎዋት ነው። ሁሉም በበዓል ዋዜማ በአንድ ሰዓት ቢለኮሱ ግን ጭነቱ 210 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ይህም የትራንስፎርመሩ አቅም ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ፊውዙ ይቀልጣል፤ ካልቀለጠም ዘይቱ ይፈላል። እንግዲህ የጎደለው ጊዜ እንጂ ኃይል አይደለም፤ ብልህ መረብ የሚባለው ሥርዓት የተፈጠረውም ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ችግሩ ራሱን በራሱ የሚያባብስበት መንገድም አለ። ምጣድ ተራ የሙቀት ሽቦ በመሆኑ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ሲወርድ፣ የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ወደ 2.3 ኪሎዋት ይወርዳል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ለመስመሩ እፎይታ ይመስላል። ነገር ግን አንድ እንጀራ ለመብሰል የሚያስፈልገው ሙቀት አልተለወጠም፤ ስለዚህ መጋገሩ ይረዝማል፤ በዚያ ላይ ምጣዱ በቆየ መጠን ወደ አየር የሚያፈስሰው ሙቀት ይጨምራል። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ቀድሞ በተለያየ ሰዓት ይጋግሩ የነበሩ ቤቶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ቮልቴጁም ይብስ ይወርዳል። በቀዘቀዘ ምጣድ ላይ የተሰፋ እንጀራ ዓይን አያወጣም። ባለቤቷ ወደ ማገዶ ምድጃዋ የምትመለሰው በመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን መብራቱ እያለም መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው። የመቆራረጥን ድግግሞሽ ብቻ የሚቆጥሩ የአገልግሎት ጥራት መለኪያዎች ይህን ስደት ጨርሶ አያዩትም።

ሦስተኛው ነጥብ የፌዝ ሚዛን ነው። አንድ ቤት ሲገናኝ ከሦስቱ ፌዞች ለየትኛው እንደሚታሰር የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ነው። በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል የተከፈለ ጭነት በአንድ ፌዝ ላይ ቢጠራቀም፣ የመመለሻው ሽቦ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ስድስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ከኤሌክትሪክ መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፎች የሚገኝ ስሌት ነው፤ ሆኖም ማን በየትኛው ፌዝ ላይ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ በሌለበት ማስተካከል አይቻልም። ጥቂት ሽቦዎችን ከአንድ ፌዝ ወደ ሌላው ማዛወር መሰላልና ግማሽ ቀን ይጠይቃል፤ የሚያተርፈው ግን አንዳንድ ጊዜ አዲስ ትራንስፎርመር ከሚያተርፈው ይበልጣል።

በመጨረሻም ሊጡ አለ። የእንጀራ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ከዚያ አብሲት ተጥሎ ኩፍ ሲል ወዲያው መጋገር አለበት። ከቆየ ይኮመጥጣል። መብራት በዚያች ሰዓት ከጠፋ ሊጥ የያዘች ሴት መጠበቅ አትችልም፤ ጭራሮ ትለቅማለች። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ሁሉ ማገዶና የማገዶ ምድጃ በመጠባበቂያነት ይይዛል፤ መጠባበቂያው ካለ ደግሞ አጠቃቀሙ ይቀጥላል። የኃይል አቅርቦት አስተማማኝነት ከማገዶ ፍጆታ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ይኸው ነው። ከዚሁ የሚከተል ሌላ ጉዳይም አለ፦ ከሁለት ቀን በፊት የተነገረ መቋረጥና በድንገት የደረሰ መቋረጥ ለምጣድ ተጠቃሚ እኩል አይደሉም። ሊጡን ያልጀመረች ሴት ቀኗን ታዛውራለች። የመቋረጡ ርዝመት ሳይቀንስ እንኳ፣ አስቀድሞ መታወቁ ብቻ ማገዶን ይቀንሳል።

መረቡ ምን ማወቅ፣ ምን ማድረግ አለበት

ከላይ የተነሡት ነጥቦች አንድ ቅደም ተከተል ይጠቁማሉ። በሌሎች አገሮች ብልህ መረብ የተጀመረው በየቤቱ ቆጣሪ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ከርቀት የሚነበቡ ቆጣሪዎችን ተክላለች። በኢትዮጵያም ከርቀት የሚነበቡ ቆጣሪዎች አስቀድመው የገቡት ከፍተኛ ተጠቃሚ ወደሆኑ ኢንዱስትሪዎች ነው፤ ለመኖሪያ ቤቶች ያለው ባለ ካርድ ቆጣሪ ክፍያን ያሻሻለ ቢሆንም ስለ መስመሩ ጤንነት ምንም አይናገርም። በደባርቅና በዳባት ከቤት ቆጣሪ ይልቅ የትራንስፎርመር ቆጣሪ ሊቀድም ይገባዋል። በእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ላይ የሦስቱን ፌዞች ቮልቴጅና ጅረት፣ እንዲሁም የዘይቱን ሙቀት በየሩብ ሰዓቱ የሚመዘግብ አንድ መሣሪያ ለ60 ወይም ለ100 ቤቶች ይበቃል። በመቶ ቤት መቶ ቆጣሪ ከመለወጥ ወጪው በብዙ ያንሳል፤ የፌዝ መዛባቱን፣ የቮልቴጅ መውረዱንና የምጣድ ሰዓቱን ግን እኩል ያሳያል።

ሁለተኛው በመስመሩ ላይ የሚቀመጥ መቁረጫ ነው። የመብረቅ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ቅጽበታዊ ነው፤ ብልጭታው ሲያልፍ መስመሩ ደህና ነው። ራሱን ከፍቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚዘጋ ሪክሎዘር ይህን ያለ ሰው እጅ ያስተካክላል። ብልሽቱ ዘላቂ ከሆነ ደግሞ የተጎዳውን ክፍል ነጥሎ የቀረውን ያተርፋል። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢኖር፣ ከገደሉ በታች የወደቀ ምሰሶ ደባርቅን ከነሆስፒታሏና ከነዩኒቨርሲቲዋ አያጨልምም። የብልሽት አመልካች መብራቶች ሲጨመሩ የጥገና ቡድኑ ወደ የትኛው መታጠፊያ መሄድ እንዳለበት ከመነሣቱ በፊት ያውቃል።

ሦስተኛው የምጣድ ሰዓትን ማከፋፈል ነው። ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በበዓላት ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ሥራ እንዲያቆሙ፣ ቤተሰቦችም ምጣድን ከመጨናነቂያው ሰዓት ውጪ እንዲጠቀሙ ማሳሰቢያ ያወጣል። በእንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ስም የተሰጠው የፍላጎት ምላሽ የሚባለው አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለመላው አገር በአንድ ቃል መነገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግድቦች ውሃ ሲያንሳቸው የተደረገው የፈረቃ ድልድልም እንዲሁ ሰፊ አካባቢን በአንድ ላይ የሚዘጋ ነበር። በትራንስፎርመር ደረጃ መረጃ ሲኖር ግን መልእክቱ ለሚመለከተው ሰፈር ብቻ፣ በሚመለከተው ሰዓት፣ በስልክ አጭር መልእክት ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ምጣዱን ራሱን መቆጣጠር ይመጣል። ኒውዚላንድ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ በሚላክ ምልክት የቤት ውሃ ማሞቂያዎችን እያበራችና እያጠፋች ጭነቷን ስታስተካክል ኖራለች፤ ሙቅ ውሃ በጋን ውስጥ ስለሚቆይ ማንም ሳያውቀው። ምጣድ ግን ጋን የለውም። በመጋገር መካከል የሚያጠፋ መረብ እንጀራ ያበላሻል፤ በዚህም ምክንያት የውጭውን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ አይሠራም። የሚሻለው ከመጀመሩ በፊት ተራ መያዝ ነው። ምጣዷን ልታበራ የምትፈልግ ሴት ቁልፍ ስትጫን፣ በትራንስፎርመሩ ላይ ቦታ ካለ አረንጓዴ መብራት፣ ከሌለ የመጠበቂያ ደቂቃ ታያለች፤ አንዴ ከጀመረች ግን እስክትጨርስ አይቋረጥባትም። ቴክኒኩ ቀላል ነው። በጎረቤት መካከል ያለውን ተራ ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ግን የምህንድስና ብቻ አይደለም፤ በዕድርና በደቦ የኖረ ማኅበረሰብ ለዚህ የራሱ ልማድ አለው፤ ይህም ለማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች የሚተው ሰፊ መስክ ነው።

ወፍጮ ቤቶችም በዚሁ አንጻር መታየት አለባቸው። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ጅረት ይስባል፤ በሰፈሩ ያለው መብራት ለአፍታ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀስ ብሎ የሚያስነሣ መሣሪያ መግጠም ርካሽ መፍትሔ ሲሆን፣ እህል ደግሞ እንደ ሊጥ አይቸኩልምና ወፍጮ ከምጣድ ሰዓት ውጪ ሊሠራ ይችላል።

የመገናኛ ነገር

ብልህ መረብ መረጃ የሚያስተላልፍበት መንገድ ይፈልጋል። ቀላሉ መንገድ የሞባይል ስልክ ኔትወርክ ነው። ነገር ግን በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡ የሚያስተምረው አለ፤ ሥራው በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ መሣሪያ በእንዲህ ዓይነት ወቅት ተራ ብረት ይሆናል። ከዚህም ሌላ የስልክ ማማዎቹ ራሳቸው መብራት ይፈልጋሉና፣ መብራት ሲጠፋ ስለመጥፋቱ የሚያወራው መገናኛ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ውሳኔው በቦታው፣ ሪፖርቱ በኋላ የሚል መርህ ያስፈልጋል። ሪክሎዘሩ ማዕከሉን ሳይጠይቅ ይሥራ፤ የትራንስፎርመሩ መመዝገቢያ የወራት መረጃ በራሱ ይያዝ፤ በአቅራቢያ ያሉት መሣሪያዎች በአነስተኛ ኃይል በሚሠራ ሬዲዮ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ይነጋገሩ፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር የጥገና ሠራተኛው ከምሰሶው ሥር ቆሞ በስልኩ ያንብበው። እንዲህ ያለው ሥርዓት በኤግዚቢሽን ላይ የሚያስደምም ላይሆን ይችላል፤ በሊማሊሞ ላይ ግን የሚሠራው እሱ ነው።

መስመር የማይደርስባቸው ወረዳዎች

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጃን አሞራና ወደ በየዳ የሚሄደው መንገድ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ከዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጋር የረጅም ጊዜ መነጋገሪያ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ በየሸንተረሩ ምሰሶ መትከል በገንዘብም በተፈጥሮ ጥበቃም ውድ ነው። ለተበታተኑት መንደሮች የፀሐይ ኃይል ያለው አነስተኛ መረብ (ሚኒ ግሪድ) የተሻለ አማራጭ ይሆናል። በኢትዮጵያ የፀሐይ ጨረር በቀን በካሬ ሜትር በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚደርስ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሚኒ ግሪድ መመሪያም የግል ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲሳተፉ በር ከፍቷል።

ሆኖም እዚህም ምጣድ ይጠብቃል። ለመብራትና ለስልክ የተሠራ ሚኒ ግሪድ አሥር ምጣድ አይችልም፤ ባትሪውን ለዚያ ማሳደግም ዋጋውን ከአቅም በላይ ያደርገዋል። መውጫው መጋገሩን ፀሐይ በምትበረታበት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ማድረግና በማኅበር የሚሠራ የጋራ መጋገሪያ ማቋቋም ሊሆን ይችላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ለእነዚህ ወረዳዎች የንጹሕ ኃይል ዕቅድ አካል ሆኖ መቀጠል አለበት፤ በኤሌክትሪክ ዕቅድ ውስጥ የምድጃ ነገር ማንሣት ለአንዳንድ መሐንዲስ ነውር ቢመስለውም።

ወቅቱም ግምት ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲከደን ግድቦች ይሞላሉ፤ በበጋ ውሃው ሲጎድል ፀሐዩና ነፋሱ ይበረታሉ። ስለዚህ በደባርቅ ወይም በዳባት መስመር ጫፍ ላይ የሚተከል መጠነኛ የፀሐይ ጣቢያ ከባትሪ ጋር ለአገሩ ግድቦች ውሃ ይቆጥባል፤ ለከተማው ደግሞ ቮልቴጁን ከጫፉ ደግፎ ያነሣል። ከጎንደር የሚመጣው መስመር ሲቋረጥ ራሱን ነጥሎ ሆስፒታሉንና የውሃ ፓምፑን ለብቻው ማቆየት የሚችል ከሆነ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ግን መስመር ላይ የወጣ የጥገና ሠራተኛ ሞቷል ብሎ በነካው ሽቦ እንዳይጎዳ የሚያደርግ የመነጠያ ሥርዓት አስቀድሞ መኖር አለበት፤ በዚህ ነጥብ ላይ መቻኮል በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የፍላጎት ትንበያም በዚህ አካባቢ ቀጥ ያለ መስመር አይከተልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ከ2022 ወዲህ በዳባት ወረዳ በዓለምዋጭ ስደተኞች ሰፍረዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚለወጥ ሕዝብ ያለበትን ትራንስፎርመር ከአሥር ዓመት በፊት በተሠራ ግምት መምራት አይቻልም፤ ቀጣይ ልኬት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ታሪፍና የመረጃ ባለቤትነት

ቴክኒኩ ሁሉ ቢሟላ ታሪፉ ካላገዘ ውጤቱ ይጎድላል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው የተሻሻለውና በመስከረም 2017 ዓ.ም. እንደገና የተከለሰው የቤት ታሪፍ ዝቅተኛውን ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ይሰጣል። ዓላማው ድሃውን መደገፍ ነው። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት የሚሠራ የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ብቻውን በወር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። መብራት ብቻ የሚያበራና በማገዶ የሚጋግር ቤት ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቀመጣል፤ ማገዶን የተወ ድሃ ቤተሰብ ከእርከኑ ይወጣል። ታሪፉ ሳያስበው ማገዶን ይደጉማል ማለት ነው። በትርፍ ሰዓት የተጋገረውን ለይቶ የሚያውቅ ቆጣሪ ካለ፣ ያንን ፍጆታ ከእርከኑ ስሌት ውጪ ማድረግ ይቻላል፤ ለቤት ቆጣሪ ለውጥ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሥልጣን ክፍፍሉም መታየት አለበት። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጭ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ከምጣድ ሽግግር የሚገኘው ጥቅም ግን ለሁለቱም በቀጥታ አይገባም፤ የሚጠቀመው ደኑ፣ ማሳው፣ ፓርኩና የሴቶች ጤና ነው። በታችኛው እርከን ዋጋ ለሚሸጥ ኃይል ትራንስፎርመር የሚያሳድግ አከፋፋይ የሚያገኘው ኪሳራ ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው የካርቦን ገንዘብ፣ የፓርኩ ገቢ ወይስ የክልሉ በጀት መሆን እንዳለበት እስካልተወሰነ ድረስ፣ የተሻለ ዳሳሽ ስለመግዛት መከራከር ከጋሪው ፈረሱን ማስከተል ነው።

የቆጣሪ መረጃ አንድ ቤት መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚጋግር፣ መቼም ባዶ እንደሆነ ይናገራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የሚይዝ ተቋም ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። የትራንስፎርመር ልኬት እዚህም ላይ ብልጫ አለው፤ የ60 ቤት ድምር የማንንም ጓዳ አያጋልጥም። የደባርቅ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአሥር ትራንስፎርመሮች ላይ ከአንድ ፋሲካ እስከ ቀጣዩ ፋሲካ የሩብ ሰዓት መዝገብ ቢይዙ፣ በጾም ወራት፣ በረቡዕና ዓርብ፣ በሰርግ ወቅትና በክረምት ጉም የምጣዱ ኩርባ እንዴት እንደሚለዋወጥ በቁጥር ይታያል። ጎን ለጎን በእነዚያው ሰፈሮች የተገዛው የማገዶ ሸክም ቢቆጠር፣ የአንድ ሰዓት የቮልቴጅ መውረድ ስንት እንጨት እንደሚያስነድድ ለማስላት የሚያስፈልገው መረጃ በእጅ ይገባል።